ከኮርኒሱ በፊት የመሞከሪያ ሰሌዳው፦ ለቤቴ ዲመርና የኤልኢዲ ዳውንላይት ስመርጥ ያሳለፍኩት

በ2014 ዓ.ም. አያት አካባቢ የሠራነው ቤት ወደ ማጠናቀቂያው ሲደርስ፣ ከሁሉም ሥራ ይልቅ በጉጉት የጠበቅሁት የመብራቱን ነበር። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ በጂፕሰም ኮርኒሱ ውስጥ የሚቀበሩ፣ ብዙ ሰው «ስፖት» የሚላቸው የኤልኢዲ ዳውንላይቶች ይገባሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ሙሉ ብርሃን ይሰጣሉ፤ ማታ ቡና ሲፈላ ለስለስ ይላሉ፤ ልጆቹ ሲተኙ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ መንገድ የሚያሳይ ያህል ብቻ ይቀራል። ይህን ለማግኘት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ፤ የተዘጋ ኮርኒስ ሁለት ጊዜ አስከፈትኩ፤ በሁለት ዙር የገዛሁት ዕቃም ዕቃ ቤት ገብቶ ቀረ። ቤት እየሠራችሁ ወይም እያደሳችሁ ያላችሁ ያንኑ መንገድ እንዳትሄዱበት፣ የተሳሳትኩባቸውን ቦታዎች እንደ አመጣጣቸው እጽፍላችኋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ የግዢው ቅደም ተከተል ነበር። በቅድሚያ ዲመሮቹን፣ ማለትም ብርሃኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉትን የግድግዳ ማዞሪያዎች፣ ገዛሁ፤ የመረጥኳቸውም የፊት ሽፋናቸው ከግድግዳው ቀለም ጋር ስለሚሄድ ነው። ቀጥሎ፣ ካርቶናቸው ላይ «ዲመብል» (ብርሃኑ ሊቀነስ የሚችል) የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ዳውንላይቶች ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። ሁሉንም በአንድ ላይ የሚቆጣጠረውን ሲስተም ደግሞ «ቤት ከገባን በኋላ ይደርሳል» ብዬ ተውኩት። ለሳሎኑ የታሰቡት እያንዳንዳቸው 7 ዋት የሆኑ 12 ዳውንላይቶች ነበሩ፤ በሁለት መስመር ስድስት ስድስት ሆነው ተከፈሉ። ኤሌክትሪሽያኑ ትጉ ወጣት ነው። ስጋቴን ስነግረው «ጋሼ፣ ዲመሩ እስከ 600 ዋት ይሸከማል፤ የእርስዎ መስመር ደግሞ 42 ዋት ብቻ ነው፤ ምንም አይነካውም» አለኝ። ሁለታችንም ያየነው የላይኛውን ቁጥር ብቻ ነበር። ከዲመሩ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን «ከ60 እስከ 600 ዋት» ይል ነበር። የእኔ መስመር ከታችኛው ገደብ በታች ነበር ማለት ነው።

ኮርኒሱ ተዘግቶ፣ ስቱኮውና ቀለሙ ካለቀ በኋላ መብራቱን የሞከርነው አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። ሙሉ ሲበራ ያማረ ነበር። ማዞሪያውን ወደ ግማሽ ስመልሰው ብርሃኑ መርገብገብ ጀመረ፤ ከግማሽ በታች ስወርድ ከስድስቱ ሁለቱ ጠፉ፤ አራቱ ደግሞ ይበራሉ ይጠፋሉ። በዚያ ሰሞን ከደሴ መጥታ እኛ ጋ የነበረችው እናቴ ቀና ብላ ትንሽ አዳመጠችና «ልጄ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ንብ ገብቷል እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቴሌቪዥኑን ስናጠፋ ከዲመሩም ከኮርኒሱም የንብ ጥዝዝታ የመሰለ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ብታውቁት ይጠቅማችኋል። በአገራችን ወደየቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆነ ሞገዱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮን ያቋርጣል። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው የተለመደው ዲመር ብርሃኑን የሚቀንሰው ከእያንዳንዱ ግማሽ ሞገድ ላይ የተወሰነውን እየቆረጠ በመጣል ነው። የድሮው አምፖል ክሩ እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ስለሚወስድ ይህን መቆራረጥ ይሸፍነዋል፤ ኤልኢዲ ግን ወዲያው የሚበራ፣ ወዲያውም የሚጠፋ ነገር ስለሆነ፣ ከፊቱ ያለው ድራይቨር፣ ማለትም የቤቱን ኤሌክትሪክ ለኤልኢዲው እንዲስማማ አድርጎ የሚሰጠው ዕቃ፣ ክፍተቱን ካልሞላለት ዓይን ያየዋል። እኔ የገዛሁት ዲመር ትራያክ በሚባል ዕቃ የሚሠራ፣ በባለሙያዎች ዘንድ ሊዲንግ ኤጅ የሚባለው ዓይነት ነበር። ይህኛው የግማሽ ሞገዱን መጀመሪያ ቆርጦ መካከሉ ላይ በድንገት ይከፍታል። በድራይቨሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር የተባለ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ ያንን ድንገተኛ ግፊት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይቀበላል፤ እናቴ የሰማችው ድምፅ የመጣው ከዚያ ነው። በተጨማሪም ትራያክ ተከፍቶ እንዲቆይ በውስጡ ማለፍ ያለበት ዝቅተኛ ከረንት አለ፤ ጭነቱ እጅግ ትንሽ ከሆነ መያዣ አጥቶ ይዘጋል፤ መብራቶቹ እየተፈራረቁ የሚጠፉትም ለዚህ ነው።

ትሬሊንግ ኤጅ የሚባለው ዲመር በተቃራኒው የግማሽ ሞገዱን መጨረሻ ይቆርጣል። ቮልቴጁ ከዜሮ ተነሥቶ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ለኤልኢዲ ድራይቨር ይስማማል፤ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ጭነትም ብዙ ጊዜ ጥቂት ዋት ነው። ስለዚህ ሻጩን «ዲመር አለህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ዝቅተኛው ጭነት ስንት እንደሆነና ለኤልኢዲ ብቻ ተለይቶ የተጻፈው የላይኛው ጭነት ስንት እንደሆነ ጠይቁ። 400 ዋት የተባለ ዲመር ለኤልኢዲ ሲሆን የሚፈቀድለት ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ አምራቹ ለኤልኢዲ ቁጥር ካልጻፈ እኔ አልገዛውም።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ። ሁሉንም ችግር በአንድ ጊዜ ልፍታ ብዬ፣ ትሬሊንግ ኤጅ የሆኑ፣ በስልክም የሚታዘዙ፣ ከማብሪያ ማጥፊያው ጀርባ የሚገቡ ገመድ አልባ ሞጁሎች ከውጭ አስመጣሁ። ጥዝዝታው በእርግጥም ቆመ። ማታ መብራቱን አጥፍተን ስንተኛ ግን ዳውንላይቶቹ ፈጽመው አይጠፉም፤ እንደ ሞተ ፍም ደብዘዝ ብለው ይታያሉ፤ አልፎ አልፎም አንዱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ልጄ ፈርታ እኛ ክፍል መተኛት ጀመረች። ጉዳዩ ኤሌክትሪኩ ወደ ምንጩ የሚመለስበት የኒውትራል መስመር ነበር። በእኛ ቤትና ባየኋቸው ብዙ ቤቶች፣ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን የሚወርደው ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ፌዝና ወደ አምፖሉ የሚመለሰው ሽቦ ብቻ ነው፤ ኒውትራሉ በኮርኒሱ በኩል ቀጥታ ወደ አምፖሉ ያልፋል። ሞጁሉ ደግሞ ራሱም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ኒውትራል ሲያጣ፣ መብራቱ ጠፍቶ እያለም ቢሆን በአምፖሎቹ በኩል ትንሽ ከረንት እያሳለፈ ይኖራል። ያቺ ትንሽ ከረንት የድራይቨሩን ካፓሲተር ቀስ በቀስ ትሞላና መብራቱን ብልጭ ታደርገዋለች። ለዚህ ተብሎ ከአምፖሉ ጋር ጎን ለጎን የሚታሰር ባይፓስ የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ ችግሩንም ያቃልላል። እኔ ግን ሁነኛው መፍትሔ ይሻላል ብዬ ኒውትራሉን ለማውረድ ኮርኒሱን በሦስት ቦታ አስከፈትኩ። ቤታችሁ ገና ልስን ካልተለሰነ፣ ዛሬ ባትጠቀሙበትም እንኳ ወደ እያንዳንዱ የማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን ኒውትራል አስወርዱ። ያኔ የሚጠይቃችሁ ጥቂት ሜትር ሽቦ ነው፤ በኋላ ግን ጂፕሰም ሠሪ፣ ስቱኮ፣ ቀለም ቀቢና አንድ ሳምንት የሚቆይ አቧራ ነው።

ኒውትራሉ ወርዶ ሁሉም ሰላም ሲሆን፣ መብራት በጠፋ ጊዜ የምንጠቀምበት ኢንቨርተር ሌላ ችግር አመጣ። በኢንቨርተር ስንሆን ዳውንላይቶቹ እንደገና ይርገበገባሉ፤ የዲመሩም ሽፋን በእጅ ሲነካ ይሞቃል። ኢንቨርተሩ ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ የሚባለው ርካሹ ዓይነት ነበር። የሚያወጣው ሞገድ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ እንጂ ለስላሳ አይደለም፤ ዲመሩ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው የሞገዱን ዜሮ እየጠበቀ በመሆኑ፣ ሞገዱ ሲበላሽበት መቁረጫ ቦታው ይዛነፍበታል። ዲመር ያለበት ቤት የሚያስፈልገው ፒዩር ሳይን ዌቭ የሆነ ኢንቨርተር ነው። ይህን ማንም ሻጭ በራሱ አነሣሥቶ አልነገረኝም፤ ዲመር የሚሸጠውና ኢንቨርተር የሚሸጠው የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ አልፈርድባቸውም።

ነገሩ የተለወጠው አብሮ አደጌ የሆነ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ለቡና ቤታችን በመጣ ዕለት ነው። የሆነውን ሁሉ ካዳመጠኝ በኋላ «አንተ የገዛኸው ሦስት የተለያየ ዕቃ መስሎህ ነው። አምፖሉ፣ ድራይቨሩና ዲመሩ ግን አንድ ዕቃ ናቸው፤ ሦስቱን አብረህ ሳታይ አንዱን ብቻ መምረጥ አትችልም» አለኝ። በማግስቱ ክንድ ተኩል የሚሆን ጣውላ፣ አንድ ብሬከር፣ ለዲመር የሚሆን የግድግዳ ሳጥንና ሦስት አምፖል ማንጠልጠያ ቀዳዳ አዘጋጅተን የመሞከሪያ ሰሌዳ ሠራን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሌዳው ላይ ሳይሞከር ኮርኒስ ውስጥ የገባ አንድም መብራት የለም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ሰሌዳ ውሰዱ። ከምትፈልጉት ዓይነት ሦስት አምፖልና አንድ ዲመር ብቻ ግዙ፤ ሻጩም ካልተስማማችሁ የምትመልሱበትን ስምምነት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በሰሌዳው ላይ የማያቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ሌሊት፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከሙሉ እስከ ዝቅተኛው ቀስ ብዬ አወርደዋለሁ፤ ድምፅ ካለ ያኔ ይሰማል። ሦስቱም እኩል ይወርዱ እንደሆነ አያለሁ። ዝቅተኛው ላይ አጥፍቼ እንደገና ሳበራው የማይነሣ አምፖል አለ፤ እንዲህ ያለው አይገዛም። በስልኬ ካሜራ ስሎው ሞሽን ቀርጬ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ የሚሄድ መስመር ከታየ፣ ዓይኔ ባያየውም መብራቱ እየተርገበገበ ነው ማለት ነው። ባለቤቴ የራስ ምታት ሕመም ስላለባት ይህን በዋዛ አላልፈውም። በአውሮፓ ሕብረት ደንብ ኤስቪኤም የሚባለው የመርገብገብ መለኪያ ከ0.4 እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ካርቶኑ ወይም የአምራቹ መግለጫ ይህን ቁጥር ከጻፈ ጥሩ ምልክት ነው። ነገር ግን ልኬቱ የሚወሰደው በሙሉ ብርሃን ስለሆነ፣ መብራቱ ዝቅ ሲል ምን እንደሚሆን የሚነግራችሁ ያው ሰሌዳው ነው።

ስለ ዝቅተኛው ብርሃን አንድ ነገር ልጨምር። «እስከ 10 በመቶ ይወርዳል» የተባለ መብራት ስገዛ አሥር በመቶ ትንሽ መስሎኝ ነበር። ዓይናችን ግን እንደ መለኪያ መሣሪያ አያይም፤ በመሣሪያ 10 በመቶ የሆነ ብርሃን ለዓይን አንድ ሦስተኛ ያህል ሆኖ ይታያል። 1 በመቶ የሆነው ነው ለዓይን አሥር በመቶ የሚመስለው። ለወጥ ቤት ወይም ለጥናት ክፍል 10 በመቶ ከበቂ በላይ ነው፤ ማታ በሳሎን ደብዘዝ ያለ ብርሃን ለሚወድ ቤተሰብ ግን እስከ 1 በመቶ የሚወርድ ያስፈልገዋል።

የመሐንዲሱ ሁለተኛ ምክር ዳሊ ወደሚባለው አሠራር እንድሄድ ነበር። በዳሊ ዲመር የሚባለው ዕቃ ከግድግዳው ላይ ይነሣል፤ እያንዳንዱ ድራይቨር ያልተቆረጠ ሙሉ 220 ቮልት ያገኛል፤ ብርሃኑን የሚቀንሰው ደግሞ በሁለት ቀጫጭን ሽቦ በሚመጣ ትእዛዝ ራሱ ድራይቨሩ ነው። በአንድ መስመር እስከ 64 ድራይቨሮች ይገባሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ቁጥር አለው፤ በቡድንና በ16 የብርሃን ድባብ ሊከፋፈሉ ይችላሉ። የእኛ ሳሎን፣ ምግብ ቤት፣ ኮሪደርና መኝታ ክፍሎች መብራቶች በድምሩ 38 ስለሆኑ አንድ መስመር በቃን። ወደየመብራቱ የሚሄደው ፌዝ፣ ኒውትራል፣ አርትና ሁለቱ የዳሊ ሽቦዎች ስለሆኑ ባለ አምስት ሽቦ ኬብል ነው የሚያስፈልገው፤ ሽቦው 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ከሆነ የትእዛዙ መስመር እስከ 300 ሜትር ይሄዳል። የዳሊ ሽቦ ቮልቴጁ ዝቅተኛ ቢሆንም የስልክ ወይም የኢንተርኔት ሽቦ አይተካውም፤ እንደ መብራት ሽቦ የተሸፈነ መሆን አለበት። ለዚህ ኬብል ኮርኒሱን ለሁለተኛ ጊዜ አስከፈትኩ፤ የመጨረሻዬም ሆነ።

ዳሊ ለሁሉም ቤት ያስፈልጋል አልልም። ብርሃኑን ከፍና ዝቅ የምታደርጉት በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ብቻ ከሆነ፣ በሰሌዳ የተፈተነ ትሬሊንግ ኤጅ ዲመር በቂ ነው፤ ዋጋውም አይወዳደርም። መታጠቢያ ቤት፣ ዕቃ ቤትና ጓዳ ላይ ዲመር ማስገባት ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ፤ እኛም እነዚህን በተራ ማብሪያ ማጥፊያ ተውናቸው።

ዳሊው በተገጠመ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሲጠፋ ያመሸው መብራት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጣ፤ በዚያው ቅጽበት መኝታ ቤቶቹን ጨምሮ 38ቱም ዳውንላይቶች በሙሉ ብርሃን ቦግ አሉ። ሕፃኑ ጮኾ ተነሣ፤ እናቴም ደንግጣ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ሲስተሙ የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ የሠራው ግን እንደተሠራው ነው። ድራይቨሩ ኃይል አጥቶ ሲመለስለት የሚይዘው ብርሃን ከፋብሪካ ሲወጣ ሙሉው ላይ ተደርጎ ነው፤ ሰው በጨለማ እንዳይቀር ታስቦ መሆኑ ነው። መብራት በየጊዜው ሄዶ በሚመጣበት ቤት ግን ይህ መለወጥ አለበት። እኛ መኝታ ቤቶቹን «ጠፍተው ይቆዩ»፣ ኮሪደሩን «በጣም ዝቅ ብሎ ይብራ»፣ ሳሎኑን ደግሞ «በነበረበት ይመለስ» ብለን አስተካከልናቸው። የትእዛዙ መስመር ሲቋረጥ የሚሆነውም እንዲሁ ለብቻው የሚስተካከል ነው፤ እሱም ሳይነካ ከቀረ ሙሉ ብርሃን ነው። ሲስተሙን የሚገጥምላችሁን ሰው ከመሸኘታችሁ በፊት ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ አብሩ፤ ከዚያ የዳሊውን ብሬከር ብቻ አጥፉ፤ የሚሆነውን በዓይናችሁ እዩ።

ስለ ብርሃኑ ቀለምም ዋጋ ከፍያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ዳውንላይቶች ቀለማቸው ቢጫ፣ የብርሃን ቀለም በሚለካበት በኬልቪን 3000 ነበር፤ እኔም የምፈልገው እሱን ነው። ነገር ግን እናቴ በመመገቢያ ጠረጴዛው ላይ በርበሬ ስታበጥር «ይህ በርበሬ ምን ነካው? አርጅቷል» አለች። መስኮቱ ጋ ወስዳ ስታየው ግን ደማቅ ቀይ ነበር። የመብራት የቀለም ታማኝነት ሲአርአይ በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ያ ቁጥር ግን ስምንት የለዘቡ ቀለሞች አማካይ ስለሆነ፣ ደማቁን ቀይ አይጨምርም። ደማቁ ቀይ አር 9 ተብሎ ለብቻው ይለካል፤ ሲአርአዩ 80 የሆነ መብራት አር 9ኙ ወደ ዜሮ የተጠጋ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን ዙር ስገዛ በትንሽ ላስቲክ በርበሬ ቋጥሬ ወደ ሱቁ ሄድኩ። አንዱን ቁንጥር ባለ 80ው ሥር፣ ሌላውን ባለ 90ው ሥር ነጭ ወረቀት ላይ አደረግሁ። በአንደኛው የተፈጨ ቡና መሰለ፤ በሌላኛው ቀይ በርበሬ ሆኖ ታየ። ሻጩም ራሱ ጎንበስ ብሎ አየው። ለሳሎን፣ ለምግብ ቤትና ለወጥ ቤት ከ90 በታች አትግዙ።

የጨረሩን ስፋትም አትዘንጉ። ኮርኒሱ 2.8 ሜትር ከሆነ፣ 36 ዲግሪ የሆነ መብራት በጠረጴዛ ከፍታ ላይ 1.3 ሜትር ያህል ክብ ያበራል፤ 60 ዲግሪው ደግሞ 2.3 ሜትር ገደማ። ለአጠቃላይ ብርሃን ሰፊውን፣ ለሥዕልና ለጠረጴዛ ጠባቡን ተጠቀሙ፤ ሰው ተጋድሞ ወይም ተደግፎ ከሚቀመጥበት በላይ ግን ምንም አታድርጉ፤ ዓይን ይወጋል።

የማብሪያው ነገር ሲስተሙን ከመረጥኩ በኋላ እጅግ የተጠነቀቅሁበት ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የማይሠራ መብራት መብራት አይባልም፤ ስለዚህ መቆጣጠሪያው ቤቱ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ እንዲሆን አደረግሁ። በእያንዳንዱ በር አጠገብም ስልክ የማይጠይቅ፣ ሲጫኑት የሚያበራ፣ ተጭነው ሲያቆዩት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ተራ ቁልፍ አለ። እናቴ በአንድ ማታ ለመደችው።

በመጨረሻም ስለ ጥገና። ኤልኢዲው ራሱ ብዙ ዓመት ይኖራል፤ ቀድሞ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ድራይቨሩ ነው፤ በተለይ ሙቀት ከበዛበትና የኃይል መዋዠቅ ካለ። ስለዚህ ድራይቨሩ ከመብራቱ ተለይቶ የሚወጣ፣ በመብራቱ ቀዳዳ በኩል ሊሳብ የሚችል ይሁን፤ በብሬከሩ ሳጥን ውስጥም ድንገተኛ የቮልቴጅ መጨመርን የሚከላከል ሰርጅ ፕሮቴክተር አስገቡ። ከገዛችሁት ዓይነት በዚያው ቀን አራት መብራትና አራት ድራይቨር ትርፍ ያዙ፤ ከዓመት በኋላ የሚመጣው ዕቃ ስሙ አንድ ቢሆንም ቢጫነቱ ከጎረቤቱ ሊለይ ይችላል። እኔ የእያንዳንዱን መብራት ቁጥር፣ ያለበትን ቦታ፣ የድራይቨሩን ዓይነትና የተገጠመበትን ቀን ጽፌ በብሬከሩ ሳጥን በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ። ባለፈው ሰኔ የኮሪደሩ ሦስተኛ መብራት ሲጠፋ፣ ያ ወጣት ኤሌክትሪሽያን ወረቀቱን አይቶ ቁጥር 27ን ለየ፤ መብራቱን በእጁ ስቦ አወረደ፤ ድራይቨሩን ከዕቃ ቤት ባወጣነው ትርፍ ቀየረ፤ አዲሱንም 27 ብለን ሰየምነው። ሥራው ሃያ ደቂቃ ወሰደ፤ ኮርኒሱም አልተነካም።